የላሙ ቤቶች ለምን ይሸጣሉ? ከአንዲት የባሕር ዳር የሙስሊሞች ከተማ ታሪክ የምንማረው

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ ቤት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከጎረቤታችን ከኬንያ ቢሆንም መጨረሻው እኛው ሰፈር ነው። ስለዚህ ረዘም ቢልባችሁም ታግሳችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ የአገራችን መሆናቸውን ካልጠቀስን በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኬንያ ሰሜናዊ የባሕር ዳርቻ፣ ከሶማሊያ ድንበር ብዙም ሳይርቅ፣ ላሙ የምትባል ደሴት አለች። በደሴቷ ላይ ያለችው አሮጌ ከተማም ስሟ ላሙ ነው። እዚያ የሚሸጡ ቤቶች ማስታወቂያ ሲወጣ አነጋገሩ ተመሳሳይ ነው። ቤቱ የቆየ መሆኑ፣ ከባሕር ድንጋይ መሠራቱ፣ በሩ የተቀረጸ መሆኑና ከጣሪያው ላይ ባሕሩ መታየቱ ይነገራል። በዚያ ቤት ስንት ሕፃን አዛን ተብሎበት እንደተወለደና ስንት ጀናዛ ታጥቦ እንደወጣ ግን ማስታወቂያው አይናገርም። እኛ ልንነግራችሁ የፈለግነው ይህንኑ ያልተነገረውን ነው።

*ከተማዋ*

ላሙ ከ700 ዓመት በላይ ሰው ሳይለያት የኖረች የስዋሂሊ ከተማ ናት። በምሥራቅ አፍሪካ ዳርቻ ከነበሩት የስዋሂሊ ከተሞች ብዙዎቹ ዛሬ ፍርስራሽ ሲሆኑ ላሙ እስካሁን ይኖርባታል፣ ይሰገድባታል። ዩኔስኮ በ2001 በዓለም ቅርስነት የመዘገባትም በዚህ ምክንያት ነው። የከተማዋ ጥንታዊ መስጂድ የሚባለው ፕዋኒ መስጂድ በ1370 እንደተሠራ ይነገራል። መንገዶቿ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያልፍባቸው ጠባብ መተላለፊያዎች ስለሆኑ ዕቃ የሚጓጓዘው በአህያ ነው።

የከተማዋ ሀብት የመጣው ከነፋስ ነው። አላህ ነፋሱን በዓመት ሁለት ጊዜ ያዞረዋል። ከሰሜን ምሥራቅ ሲነፍስ ጀልባዎች ከዐረቢያና ከሕንድ ይመጣሉ፣ ከደቡብ ምዕራብ ሲነፍስ ይመለሳሉ። ከላሙ የማንግሮቭ ግንድ፣ የዝሆን ጥርስና እህል ይጫናል። ከውጭ ጨርቅ፣ ተምርና የቻይና ሸክላ ይገባል። ነጋዴው ነፋሱ እስኪዞር ወራት መቆየት ስለነበረበት ያገባል፣ ይወልዳል፣ መስጂድ ይሠራል። የስዋሂሊ ሕዝብ ቋንቋና ባህል በዚህ መልክ ዳበረ። እስልምናም በዚህ ዳርቻ የተስፋፋው በዋናነት በንግድ፣ በጋብቻና በዑለማዎች ነው።

ከተማዋ መከራም አይታለች። ፖርቹጋሎች በ1506 መጥተው ግብር አስከፍለዋታል። በ1812 አካባቢ ደግሞ የፓቴ ደሴትና የሞምባሳ ገዥዎች ጦር ሼላ በሚባለው የደሴቷ ዳርቻ ወርዶ ነበር። የላሙ ሰዎች ድል አደረጉ፤ ነገር ግን በቀል ስለፈሩ ከዑማን ሱልጣን ከሰይድ ሰዒድ ጥበቃ ጠየቁ። በመካከሉ የምናየው ትልቁ ምሽግም በዚያው ዘመን ተሠርቶ አለቀ። ምሽጉ በኋላ በእንግሊዞች ዘመን እስር ቤት ሆኖ እስከ 1984 ድረስ ቆይቷል።

ተሸናፊዋ ፓቴ ግን ከዚያ በኋላ አልተነሳችም። የታላላቅ ቤቶቿን መፍረስ ያየው ዐሊም ሰይድ ዐብደላህ ቢን ዐሊ ቢን ናስር «አል-ኢንኪሻፊ» የተባለውን የስዋሂሊ ግጥም የጻፈው ነፍሱን በዚያ ፍርስራሽ ለመምከር ነበር። ቤት ሲፈርስ አይቶ ዱንያን ማወቅ በዚያ ዳርቻ የቆየ ትምህርት ነው።

*ቤቱ እንዴት ተሠራ?*

የላሙ ቤት ግድግዳ ከኮራል ድንጋይ የተሠራ ነው። ማያያዣውና ልስኑም ኮራል ተቃጥሎ የሚገኝ ኖራ ነው። ጣሪያውን የሚሸከመው ቦሪቲ የሚባለው የማንግሮቭ ግንድ ነው። የግንዱ ርዝመት የተወሰነ ስለሆነ ክፍሎቹ ሁሉ ጠባብና ረጃጅም ሆኑ። በላሙ የክፍሉን ስፋት የወሰነው ባለሀብቱ ሳይሆን ዛፉ ነው።

ከበሩ ፊት ዳካ የሚባል የድንጋይ መቀመጫ ያለበት ደጅ አለ። እንግዳ ወንድ የሚስተናገደው እዚያ ነው። የውጭው በር ሲከፈት መንገደኛው ወደ ውስጥ እንዳያይ መግቢያው ይጠመዘዛል። ከዚያ ጣሪያ የሌለው ግቢ ይመጣል፤ ከግቢው በኋላ ክፍሎቹ አንዱ ከሌላው ጀርባ እየተከታተሉ ወደ ውስጥ ይገባሉ። ወደ ውስጥ በገባችሁ ቁጥር ብርሃኑ እየቀነሰ፣ የቤተሰቡ ምስጢር እየጠለቀ ይሄዳል። በመጨረሻው ክፍል ግድግዳ ላይ ዚዳካ የሚባሉ በኖራ የተቀረጹ ትናንሽ መደርደሪያዎች በረድፍ ይታያሉ። የቻይና ሸክላና ቁርኣን የሚቀመጠው እዚያ ነበር። ሴቶች የሚወልዱበት፣ ሟች የሚታጠብበትም ክፍል በዚያው በውስጠኛው የቤቱ ክፍል ነው።

ሐረርን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። የሐረር ቤትም ደረጃ በደረጃ ከፍ ዝቅ የሚል ነደባ፣ በግድግዳው ውስጥ የተቀረጹ መደርደሪያዎችና ለእንግዳና ለቤተሰብ የተለየ መቀመጫ አለው። አንዱ በባሕር ዳር ከኮራል፣ ሌላው በደጋ ከድንጋይና ከጭቃ ተሠራ። የሁለቱም ሐሳብ ግን አንድ ነው። እንግዳን ማክበርና የቤተሰብን ዐውራ መጠበቅ።

ሌላም ልብ የሚነካ ነገር አለ። በላሙ የባለጸጎች ልማድ ሴት ልጅ ስትዳር አባቷ ቤት ይሰጣታል፣ ካልሆነም በራሱ ቤት ላይ ፎቅ ይጨምርላታል። ባልየው ወደ እሷ ይመጣል። አንዳንዴም መንገዱን በላይ ተሻግሮ የሚያገናኝ ክፍል ተሠርቶ የእህትማማቾች ቤት ይያያዛል። ቤቱ ያደገው ሴት ልጆች ባገቡ ቁጥር ነው።

*ልንደብቀው የማይገባ ፊት*

ታሪክ ስንጽፍ ደስ የሚለውን ብቻ መርጠን ብንጽፍ አማና ማጉደል ነው። እነዚያን ድንጋዮች ያወጡት፣ ኖራውን ያቃጠሉት፣ በዋናው ምድር ያለውን እርሻ ያረሱት በብዛት ባሪያዎች ነበሩ። ዲናችን ባሪያ ነፃ ማውጣትን ታላቅ ዒባዳ አድርጎ ሳለ፣ የዚያ ዳርቻ ባለጸጎች ግን በሰው ጉልበት ላይ ሀብት ገንብተው ነበር። በ1907 ባርነት በሕግ ሲቀር የብዙዎቹ ገቢ አብሮ ደረቀ። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1901 ከሞምባሳ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ቪክቶሪያ ሐይቅ ስለደረሰ ንግዱም ወደ ሞምባሳ ዞሮ ነበር። ላሙ ቀስ በቀስ ደኸየች። ቤቶቹ ተረፉ፣ ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ግን አልተረፈም።

በዚህ ጊዜ ነው የሐቢብ ሷሊሕ ነገር የሚመጣው። ሐቢብ ሷሊሕ ከኮሞሮስ ደሴቶች የመጡ የነቢዩ ﷺ ቤተሰብ ዘር የሆኑ ዐሊም ነበሩ። በላሙ የታላላቅ ቤተሰቦች ትምህርት ለሁሉም ክፍት ባልነበረበት ጊዜ እሳቸው የባሪያ ልጆችንና ከከተማው ዳር የሚኖሩ ድሆችን ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ከአንዳንድ የከተማዋ ትላልቅ ሰዎች ተቃውሞ ገጠማቸው፣ ግን አላቋረጡም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ሪያዳ የተባለው መስጂድና መድረሳ ቆመ። እሳቸው በ1935 ወደ አኺራ ሄዱ። መድረሳው እስከ ዛሬ ከተለያዩ የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ደረሳ ይቀበላል።

ይህን ነጥብ ያዙልን፣ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን።

*ታዲያ ቤቶቹ ለምን ተሸጡ?*

ሰው «የውጭ ሰው ገንዘብ ይዞ መጥቶ ገዛቸው» ብሎ ይጨርሰዋል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ገዢ ብቻውን ሽያጭ አይፈጥርም። ሦስት ምክንያቶችን እንይ።

የመጀመሪያው ጥገና ነው። የኮራል ግድግዳ በየጊዜው በኖራ መለሰን አለበት። ዝናብ ከገባበት ቦሪቲው ይበሰብሳል። ሲሚንቶ ርካሽና ፈጣን መፍትሔ ይመስላል፤ ነገር ግን እርጥበቱን ውስጥ ስለሚያፍነው አሮጌውን ግድግዳ ይጎዳዋል። በዓሣ ማስገርና በትንሽ ሱቅ የሚተዳደር ቤተሰብ ይህን ወጪ አይችለውም።

ሁለተኛው ውርስ ነው። በመስጂድ የውርስ ጉዳይ ይዘው የሚመጡ ሰዎችን ስናስተናግድ ይህን በዓይናችን ስለምናይ በምሳሌ እናስረዳ። አንድ ሰው ሚስት፣ ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ትቶ ሞተ እንበል። ቤቱ 64 ክፍል ቢደረግ ለሚስቱ 8፣ ለእያንዳንዱ ወንድ 14፣ ለእያንዳንዷ ሴት 7 ይደርሳል። ስድስት ሰው ናቸው፣ ሊስማሙ ይችላሉ። ከወንዶቹ አንዱ ደግሞ ሚስትና ልጆች ትቶ ሲሞት የእሱ 14 ክፍል እንደገና ይከፋፈላል፤ እናቱ በሕይወት ካለች እሷም ከእሱ ድርሻ ስድስተኛ አላት። በሦስተኛው ትውልድ ባለድርሻው ብዙ አሥር ሰው ይሆናል። አንዱ ሞምባሳ፣ አንዱ ዑማን፣ አንዷ ጅዳ ናቸው። የአላህ ድንበር የሆነው ፈራኢድ ፍትሕ ነው፣ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ጥፋቱ የእኛ ነው። ውርሱን በጊዜው አንከፋፈልም፣ አንጽፍም፣ ማን የማንን ድርሻ እንደሚገዛ አንመካከርም። አንድ ክፍል መከፈል የማይችል ቤት ባለቤቱ ሲበዛ ጠጋኙ ይጠፋል። ከዚያ የሚቀረው ሸጦ ገንዘቡን መካፈል ነው።

ሦስተኛው የወቅፍ መዳከም ነው። የዳርቻው ሙስሊሞች ቤት እንዳይበተን ለዘሮቻቸው፣ ዘር ሲያልቅ ለመስጂድ ወይም ለድሆች ወቅፍ ያደርጉት ነበር። በ1894 ግን ለንደን የሚገኘው የእንግሊዝ ዘውድ ከፍተኛ የይግባኝ ችሎት፣ ከቤንጋል በመጣ ጉዳይ ላይ፣ በዋናነት ቤተሰብን የሚጠቅም ወቅፍ ዋጋ የለውም ብሎ ፈረደ። የሕንድ ሙስሊሞች ተሟግተው በ1913 ይህን የሚሽር ሕግ አስወጡ። በምሥራቅ አፍሪካ ግን ፍርድ ቤቶች በአሮጌው ፍርድ መመራታቸውን ቀጠሉ። ኬንያ ውስጥ የቤተሰብ ወቅፍን የሚያጸና ሕግ የወጣው በ1951 ነው። በመካከሉ ከአንድ ትውልድ በላይ አለፈ። ሸሪዓን የማያውቅ ዳኛ በሩቅ አገር የጻፈው ፍርድ የላሙን ሰው ደጅ ድረስ መጣ።

በዚህ ሁሉ ላይ ገዢው መጣ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአውሮፓ ወጣት ተጓዦች ላሙን አገኟት፤ በኋላ ባለጸጎቹ ተከተሉ። በላሙ በተለይም በሼላ አሮጌ ቤቶች እየተገዙ የእረፍት ቤት ሆኑ። ከዚያ ደግሞ የወደቡ ዕቅድ መጣ። ይህ እኛንም ይመለከታል። ላሙን ከደቡብ ሱዳንና ከኢትዮጵያ ጋር በመንገድ፣ በባቡርና በነዳጅ ቱቦ ለማገናኘት የታሰበው ላፕሴት የተባለው ፕሮጀክት በመጋቢት 2012 ሲጀመር የኬንያው ፕሬዝዳንት ኪባኪ፣ የደቡብ ሱዳኑ ሳልቫ ኪርና የእኛው ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ላሙ ላይ ተገኝተው ነበር። የመጀመሪያው የመርከብ ማቆሚያ በግንቦት 2021 ሥራ ጀመረ። ወደብ ሊመጣ ነው ሲባል መሬት የሚፈልግ ሰው እንደሚበዛ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

ፍትሐዊ እንሁን። ከውጭ ገዢዎች መካከል ሊወድቁ የነበሩ ቤቶችን በድሮው ሙያ ያስጠገኑ አሉ። የኖራ ልሳኞችና የበር ጠራቢዎች ሥራ በእነሱ ገንዘብ የቀጠለበት ጊዜ አለ። የኬንያ የ2010 ሕገ መንግሥትም ዜጋ ያልሆነ ሰው መሬት መያዝ የሚችለው በሊዝ፣ ከ99 ዓመት ላልበለጠ ጊዜ መሆኑን ደንግጓል። ችግሩ ሌላ ነው። ባለቤቱ በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ የሚመጣበት ቤት ቀሪውን ጊዜ ጨለማ ነው። ከዚያ ቤት ለፈጅር የሚወጣ ሰው የለም። ጎረቤት ሲታመም የሚጠይቅ፣ ሲሞት የሚያጥብ የለም። ለመዝናኛ ከፍ የተደረገ ጣሪያም የጎረቤቱን ግቢ ያሳያል። ቤቱ ዳነ፣ ሰፈሩ ግን ሳሳ።

*ዲናችን ምን ይላል?*

ቤት መሸጥ ሐላል ነው። ይህን ማንም አይከለክልም። ነገር ግን ሸሪዓ ቤትን እንደ ሌላው ሸቀጥ አላየውም።

ነቢዩ ﷺ መካን በከፈቱ ጊዜ ኡሳማ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) የት እንደሚያርፉ ሲጠይቃቸው፣ ዐቂል ቤት አስቀርቶልናል ወይ በሚል ጥያቄ መመለሳቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። ዐቂል የአቡ ጧሊብን ቤቶች ወርሶ ሸጧቸው ነበር። ያን ቀን ከተማው ሁሉ በእጃቸው ነበር። የድሮውን ቤት ግን መልሱልኝ አላሉም፤ በድንኳን አረፉ። የተሸጠ ቤት እንዴት እንደሚያሳዝን እሳቸው ያውቁታል፣ የሰውን ሐቅ መጠበቅንም እሳቸው አስተማሩን።

አቡ ራፊዕ (ረ.ዐ) ደግሞ በሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ነበራቸው። ሌላ ሰው 500 ዲናር ሊሰጣቸው እያለ፣ ለሰዕድ ግን በ4,000 ዲርሃም፣ ያውም በጊዜ በሚከፈል ሸጡላቸው። ዋጋው ዝቅ ያለ ነበር። ምክንያታቸው ጎረቤት በቅርበቱ ይበልጥ እንደሚገባው ከነቢዩ ﷺ መስማታቸው ነው። ሹፍዓ የሚባለው ሕግ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በሻፊዒይ መዝሀብ ሹፍዓ የሚገባው ለጋራ ባለድርሻ ነው፤ በሐነፊይ መዝሀብ ጎረቤትም ይገባዋል። በኢብኑ ማጃህ የተዘገበና ዑለማዎች በሰነዱ ላይ የተነጋገሩበት ሌላ ሐዲሥ ደግሞ፣ ቤት ሸጦ ገንዘቡን በመሰሉ ላይ ያላዋለ ሰው በረካ እንደማያገኝበት ይናገራል። ቤቱን ሸጠው በስድስት ወር ገንዘቡ የጠፋባቸውን ሰዎች ያየ ሰው መልእክቱን ለመረዳት አይቸገርም።

ወቅፍም ቢሆን በወረቀት ብቻ አይድንም። በሰፋ አጠገብ የነበረው የአርቀም (ረ.ዐ) ቤት፣ እስልምና በድብቅ የተማረበት ያ ቤት፣ እንዳይሸጥና እንዳይወረስ በባለቤቱ ሰደቃ ተደርጎ ነበር። ኢብኑ ሰዕድ እንደጻፈው ግን ኸሊፋው አቡ ጀዕፈር አል-መንሱር የአርቀምን የልጅ ልጅ በእስር አስጨንቆ ድርሻውን አሸጠው፣ ሌሎቹ ወራሾችም ተከተሉ። ጠባቂ ናዚርና ነቅቶ የሚጠይቅ ጀመዓ ከሌለ ጽሑፉ ብቻውን ግድግዳ አይሆንም።

*ያልተሸጠው*

አሁን ወደ ሐቢብ ሷሊሕ እንመለስ። የላሙ ታላላቅ ቤተሰቦች ልጆቻቸው ለዘላለም እንዲኖሩበት በኮራል ቤት ሠሩ። ከቤቶቹ ብዙዎቹ ተሸጡ፣ አንዱም የስዋሂሊ ቤት ሙዚየም ሆኖ ጎብኚ ይገባበታል። እነዚያ ቤቶች በክብር የማያስገቧቸውን ልጆች የሰበሰበው መድረሳ ግን እስከ ዛሬ ያስተምራል። ድንጋዩ ተመሳሳይ ነው፣ ከተማው አንድ ነው። ልዩነቱ አንዱ የቤተሰብ ክብር፣ ሌላው የሁሉም መጠቀሚያ ሆኖ መሠራቱ ነው። ለብዙ ሰው የተከፈተ ቤት የሚቆረቆርለትም ብዙ ነው።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በ1967 ዓ.ም የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 የኪራይ ቤቶችን ሲወርስ ለመስጂድ ወቅፍ የተደረጉትም አብረው እንደሄዱ አባቶቻችን ያወራሉ። ያ በእኛ እጅ አልነበረም። ዛሬ በእጃችን ያለው ግን አለ።

ወንድምና እህቶች፣ በየከተማችን፣ በደሴም በጅማም በሐረርም በአዲስ አበባም፣ አያት የሠሩት ቤት ላይ የተቀመጣችሁ አላችሁ። ከናንተ የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። አባትና እናታችሁ፣ አያቶቻችሁ በሕይወት ሳሉ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ ወቅፍ የተባለ ነገር እንዳለበት ጠይቁ፤ ጻፉት፣ ምስክር አድርጉበት። ሰው ሲሞት ውርሱን ለዓመታት አታሳድሩት፤ ዐሊም ዘንድ ሄዳችሁ አስቆጥሩ። የእህቶቻችሁን ድርሻ አትብሉ፤ «ቤቱ የወንዶች ነው» የሚል ሸሪዓ የለም። መሸጥ ግድ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ለባለድርሻው ከዚያም ለጎረቤቱ ንገሩ፣ ከተሸጠም ገንዘቡን ሌላ ቤት ላይ አውሉት። አላህ የሰጠው ሰው ደግሞ አንዲት ክፍልም ብትሆን ወቅፍ ያድርግ፤ ዑመር (ረ.ዐ) የኸይበር መሬታቸውን እንዳደረጉት ዋናው እንዳይሸጥና እንዳይወረስ፣ ጥቅሙ ግን ለድሃ እንዲደርስ፣ በሕጋዊ ሰነድና በታመነ ናዚር ያስቀምጥ።

የላሙ ሰዎች ከእኛ የባሰ ጥፋት አላጠፉም። ነገሩ የደረሰባቸው ቀስ በቀስ፣ አንድ ድርሻ ከአንድ ድርሻ፣ አንድ ቤት ከአንድ ቤት ነው። እኛ ገና ጊዜ አለን።

አላህ ቤቶቻችንን ቁርኣን የሚቀራባቸው፣ ዝምድና የሚቀጠልባቸው ያድርግልን። ያለፉትን ባለቤቶቻቸውን ይማርልን። ጽሑፉን ለወንድምና ለእህቶቻችሁ አድርሱልን።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።